ባትሪና ጠባቂው፦ የባለሞተር ተሽከርካሪ ወንበር የጉዞ ርቀት ታሪክ

ባለሞተር ተሽከርካሪ ወንበር በሚመረጥበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «አንድ ጊዜ ከተሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል ነው። መልሱም በአምራቹ መግለጫ ላይ በአንድ ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደተለካ፣ ባትሪውም በዚያን ጊዜ ስንት ዕድሜ እንደነበረው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነዳጅ ያለቀበት ነጂ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በእግሩ ይሄዳል። ወንበሩ መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም፤ የቆመው እግሩ ራሱ ነውና። ስለዚህ በሌላ ተሽከርካሪ ላይ እንደ ቀላል የሚታየው የሁለት ኪሎ ሜትር ስሕተት እዚህ ላይ አንድ ሰው ወደ ቤቱ መግባቱንና አለመግባቱን የሚወስን ይሆናል።

ባትሪው ይህን የመሰለ ኃላፊነት የተሸከመው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ደጋግሞ ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስ ባትሪ በ1859 የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ሁለት የእርሳስ ቅጠሎችን በመሐል ማለያያ አድርጎ ጠቀለለና በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አቆማቸው። ባትሪው ሥራ ለመሥራት ይችል ዘንድ ግን ለወራት ያህል ደጋግሞ መሙላትና ማራገፍ ያስፈልግ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው ካሚል ፎር ሲሆን፣ በ1881 ገደማ የእርሳስ ኦክሳይድን እንደ ሊጥ አቡክቶ በሰሌዳዎቹ ላይ በመለጠፍ ባትሪው ቶሎ እንዲዘጋጅና ብዙ ጉልበት እንዲይዝ አደረገ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ በፓሪስ ጎዳና ላይ በባትሪ የሚሄድ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነዳ። ባለሦስት እግር፣ አንድ ሰው የሚይዝ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከሆነ ዘንድ፣ የዛሬው የአካል ጉዳተኞች ስኩተር ከመኪና ይልቅ የዚህ የትሩቬ ብስክሌት ዘር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1882፣ ግላድስተንና ትራይብ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በባትሪው ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ በጽሑፍ አብራሩ። ባትሪው ጉልበቱን በሚሰጥበት ጊዜ በሁለቱም ዓይነት ሰሌዳዎች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ሰልፌት ወደ እርሳስና ወደ እርሳስ ዳይኦክሳይድ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ስለ ባትሪ አያያዝ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ግኝት የሚመነጭ ነው። አዲስ የተፈጠረ ሰልፌት ጥቃቅን ስለሆነ በቀላሉ ይመለሳል። ባትሪው ሳይሞላ ለቀናትና ለሳምንታት ከቆየ ግን ጥቃቅኖቹ እየተያያዙ ያድጋሉ፣ ይጠነክራሉም፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቻርጅ ቢደረግ የማይመለስ ክፍል ይተርፋል። የባትሪ ቤት ሠራተኞች «ባትሪው ደረቀ» ወይም «ቻርጅ አልይዝ አለ» ሲሉ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ የጠነከረ ሰልፌት ነው።

በ1897 በለንደን የዋልተር በርሲ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ሥራ ጀመሩ፤ በኒው ዮርክም እንዲሁ። የለንደኖቹ በአንድ ሙላት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከርቀቱ ይልቅ ርቀቱ እንዴት እንደተጠበቀ ነው። ባትሪው ሲደክም ታክሲው ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ ከባዱ የባትሪ ሣጥን በማሽን ይነሣና በተሞላ ሣጥን ይተካል፤ የወጣውም ሣጥን ለባትሪ ሠራተኛው ይተላለፋል። ይህ ሠራተኛ የአሲዱን ክብደት በመለኪያ ያያል፣ የጎደለውን የተጣራ ውሃ ይጨምራል፣ የተዳከመውን ሴል ለይቶ ለብቻው ይሞላል። ነጂው ስለዚህ ሁሉ አንዳች ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። ያም ሆኖ ታክሲዎቹ በለንደን ከሁለት ዓመት አላለፉም፤ ሰሌዳዎቹ በመንገዱ መንገጫገጭ ይረግፉ ነበርና።

ቶማስ ኤዲሰን በዚህ የእርሳስ ደካማነት ተነሣሥቶ የኒኬልና የብረት ባትሪ አወጣ። የመጀመሪያው ዓይነት አሲድ ሳይሆን አልካሊ የሚያፈስስ ሆኖ በመገኘቱ በ1904 ከገበያ ወጣ፤ የተሻሻለው ደግሞ ከ1909 ጀምሮ ተሸጠ። ይህ ባትሪ በአንድ ነገር ከሁሉ ይለያል፤ በደልን ይችላል። ባዶውን ለወራት ቢቀመጥ፣ ከልክ በላይ ቢሞላ፣ እስከ መጨረሻው ቢራገፍ ብዙም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ፣ በብርድ ጊዜ ሰነፍ፣ በሚሞላበትም ጊዜ ከፍ ያለ የሃይድሮጅን ጋዝ የሚያወጣ ነበር። ስለዚህ በማዕድን ቦታና በባቡር ሥራ ላይ ቆየ እንጂ በመኝታ ቤት አጠገብ በሚቆም ወንበር ላይ ቦታ አላገኘም። ጠባቂ ለሌለው ተጠቃሚ ከሁሉ የሚስማማው ባትሪ ከቤት ውጭ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

በብሪታንያ ወተት የሚያድሉት የኤሌክትሪክ ጋሪዎች ሌላው ምሳሌ ናቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቁጥራቸው በአሥር ሺህዎች ደረሰ። መንገዳቸው በየማለዳው ያው ነው፤ ጭነታቸው እየቀለለ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም፤ ከቀትር በኋላ ወደ ጋራዣቸው ተመልሰው ሌሊቱን ሙሉ ይሞላሉ፤ የባትሪ ሠራተኛም አላቸው። የእርሳስ ባትሪ ከዚህ የተሻለ ኑሮ ኖሮ አያውቅም።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ባትሪው ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ኑሮ ገጠመው። ከዚያ ቀደም የአከርካሪ አጥንት ጉዳት የደረሰበት ወታደር ብዙ ጊዜ በሕይወት አይቆይም ነበር። አዳዲሶቹ መድኃኒቶችና የተሻሻለው ሕክምና እነዚህን ሰዎች በሕይወት አቆዩአቸው፤ ነገር ግን እጃቸውም ጭምር የደከመ ስለሆነ በእጅ የሚገፋውን ወንበር ለማንቀሳቀስ አልቻሉም። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ይህን ሥራ ያዘ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዱላ መሪ የሚታዘዝ፣ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየራሳቸው ሞተር ያለው ወንበር አዘጋጀ። ከናሙናዎቹ አንዱ በ1955 ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር በስጦታ ተሰጠ፤ ከኀምሳ ዓመትም በኋላ በ2005 ወደ ካናዳ ተመልሶ በሙዚየም ተቀመጠ። ክላይን በሌላም ሥራ የታወቀ ሰው ነው፤ የካናዳ የመጀመሪያ የአቶም ማብለያ በተሠራ ጊዜ ተሳትፏል፣ በእርጅናውም ዘመን ለጠፈር መንኮራኩር ክንድ የጥርስ ማርሽ ምክር ሰጥቷል። ከሥራዎቹ ሁሉ በየጎዳናው ሊታይ የሚችለው ግን ወንበሩ ነው።

በ1933 ታጣፊውን የእጅ ወንበር ያወጡት የኤቨረስትና የጄኒንግስ ኩባንያ በ1956 የራሱን ባለሞተር ወንበር ለገበያ አቀረበ። በ1968 ደግሞ አለን ቲም የተባለ የሚሺጋን ሰው፣ ባለቤቱ በሕመም ምክንያት መራመድ ስለተቸገረች፣ ባለሦስት ጎማውን ስኩተር ሠራላት፤ «አሚጎ» በሚል ስምም ተሸጠ። እንግዲህ ባትሪው በዚህ ጊዜ ከጋራዥ ወጥቶ ከሰው መቀመጫ ሥር ገባ። የባትሪ ሠራተኛው ግን አብሮ አልመጣም።

ይህ ለውጥ በመሐንዲሶች ዘንድ የሚገባውን ያህል የታሰበበት አይመስልም። በታክሲው ዘመን ሦስት ሰዎች ይከፋፈሉት የነበረውን ሥራ፣ ማለትም መንዳትን፣ መንከባከብንና ርቀቱን ማስላትን፣ አሁን አንድ ሰው ብቻውን እንዲሠራው ተፈረደ። ያውም ብዙውን ጊዜ ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ሣጥን ለመክፈት የማይችል ሰው ነው። ውሃ መጨመር የሚገባው ማን ነው? ወንበሩ ሲያጋድል የሚፈስሰውን አሲድ ከልብስና ከምንጣፍ ላይ የሚያጥበው ማን ነው? በጠባብ ክፍል ውስጥ ሌሊት በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅንስ ወዴት ይሄዳል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰጠው የወንበር አምራች ሳይሆን የብረታ ብረትና የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው። የባትሪ ሰሌዳ አፅም ከእርሳስ ብቻ ቢሠራ ስለሚልም ከ1881 ጀምሮ አንቲሞኒ ይጨመርበት ነበር። ይኸው አንቲሞኒ ግን ባትሪው ውሃውን ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋል። በ1935 ሄሪንግና ቶማስ የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በአንቲሞኒ ፈንታ ካልሲየም ሊገባ እንደሚችል አሳዩ። በ1957 ገደማ ኦቶ ያኸ በጀርመን አሲዱን ከሲሊካ ጋር አዋሕዶ እንደ ጀሊ አረጋው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካው ጌትስ ኩባንያ አሲዱን በብርጭቆ ክር ምንጣፍ ውስጥ እንዲመጠጥ አደረገ። በሁለቱም ዘዴ ኦክስጅኑ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ እንደገና ውሃ ይሆናል። ባትሪው ተዘጋ፤ መፍሰሱ ቀረ፤ ውሃ መጨመርም አላስፈለገ። አሲድ የማያፈስስ ባትሪ ያለው ወንበር ከባለቤቱ ጋር አውሮፕላን ለመሳፈር የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገር ግን ለዚህ የተከፈለ ዋጋ አለ። አንቲሞኒው ውሃ የሚያስጨርስ ቢሆንም ሰሌዳው ደጋግሞ በጥልቀት መራገፍን እንዲችል ያደርገው ነበር። በካልሲየም የተተካው ሰሌዳ ልዩ ጥንቃቄ ካልተደረገለት አቅሙን ቶሎ ያጣል። ከዚህም በላይ ክዳኑ ስለተዘጋ የአሲዱን ክብደት ለመለካት የሚቻልበት መንገድ ጠፋ። የባትሪው ጤንነት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ሁሉ የቀረው ቮልቱ ብቻ ሆነ። ቮልት ደግሞ በከንቱ ያታልላል። አንድ ባለ12 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ወይም 12.8 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሽ፤ ከ11.8 በታች ከወረደ ባዶ ነው ሊባል ይችላል። ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት አንድ ቮልት ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ከቻርጀር ገና የወጣ ያረጀ ባትሪም እንደ አዲሱ 12.8 ሊያሳይ ይችላል፤ ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ ግን አይናገርም። በወንበሩ መሪ ላይ የሚበሩት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራቶች አብዛኞቹ የሚያነብቡት ይህንኑ ቮልት ነው። ዳገት ሲወጣ ቀይ የነበረው መብራት ሜዳ ላይ ሲቆም አረንጓዴ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ርቀቱ እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሁለት ባለ12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ እንበል። የተጻፈው ጉልበት 1200 ዋት-ሰዓት ነው። ወንበሩ በሜዳ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 10 አምፔር ከወሰደ፣ በኪሎ ሜትር 40 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ ርቀቱም 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ የወረቀት ርቀት ነው። የጀርመኑ ፖይከርት በ1897 እንዳሳየው ግን ከእርሳስ ባትሪ ኤሌክትሪኩ በፍጥነት በተወሰደ መጠን የሚገኘው ጠቅላላ መጠን ያንሳል። 50 አምፔር-ሰዓት የሚለው ጽሑፍ በሃያ ሰዓት ውስጥ፣ ማለት በ2.5 አምፔር፣ ለሚራገፍ ባትሪ ነው። በ10 አምፔር ሲራገፍ፣ የፖይከርት ቁጥር 1.15 ቢሆን፣ የሚገኘው 40 ተኩል አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ርቀቱ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ወረደ። ባትሪው አርጅቶ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ 19 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይቀራል። ባትሪው እንዳይጎዳ ከግማሽ በላይ ማራገፍ አይገባም የሚለውን ምክር የሚጠብቅ ተጠቃሚ ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ይኖርበታል። ማንም ሳይዋሽ ሠላሳው ዐሥር ሆነ።

ዳገት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ሰውና ወንበር በጠቅላላው 180 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት በፊዚክስ ሕግ ብቻ 49 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። የሞተሩና የማርሹ ብክነት ሲታሰብ ከ80 ዋት-ሰዓት አያንስም። ይህም በሜዳ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉልበት ነው። በቁልቁለቱ ጊዜ ሞተሩ ጥቂቱን ሊመልስ ቢችልም ሁሉንም አይመልስም። በእንጦጦ ሥር ለተሠራች ከተማ ይህ ስሌት ለጨዋታ የቀረበ አይደለም።

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ 7176 በተሰኘው ተከታታይ ደረጃ ውስጥ፣ ክፍል 4 የወንበርና የስኩተር ጉልበት ፍጆታ የሚለካበትን ዘዴ ይወስናል። ወንበሩ በተወሰነ የሙከራ መንገድ ላይ ይነዳል፣ የፈጀው ይለካል፣ ከባትሪው የተመዘገበ አቅም ጋር ይሰላል። ውጤቱም «ቲዎሬቲካል ርቀት» ተብሎ ይጠራል። ደረጃውን የጻፉት ሰዎች ቃሉን በጥንቃቄ እንደመረጡት ግልጽ ነው፤ በሽያጭ መግለጫ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ቲዎሬቲካል» የሚለው ቃል ይወድቅና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ደረጃው ወንበርን ከወንበር ለማወዳደር የሚጠቅም ነው እንጂ የአንድን ሰው የዕለት ጉዞ ለመወሰን አልተዘጋጀም።

አሞላሉን በሚመለከት ትልቁ አለመግባባት በመጨረሻው አንድ አምስተኛ ላይ ነው። ጥሩ ቻርጀር በመጀመሪያ የማይለዋወጥ አምፔር ይሰጣል፤ ቮልቱ በአንድ ባትሪ ወደ 14.4 ሲደርስ ቮልቱን ይዞ አምፔሩ እየቀነሰ እንዲሄድ ይተዋል፤ በመጨረሻም ወደ 13.6 ገደማ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። የጄል ባትሪ ከዚህ ዝቅ ያለ ቮልት ስለሚፈልግ ለሌላ ዓይነት የተሠራ ቻርጀር ያደርቀዋል። 80 በመቶው በጥቂት ሰዓታት ይገባል፤ የቀረው 20 በመቶ ግን የዚያን ያህል ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ዘግይቶ ተሰክቶ ማለዳ የሚነቀል ወንበር በየቀኑ ያችን የመጨረሻ ክፍል ያጣታል። ሰልፌቱም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተረፈ ይጠነክራል። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈርም ውጤቱ ያው ነው። ተጠቃሚው በየሌሊቱ ስለሰካ በሚገባ የሞላ ይመስለዋል፤ ባትሪው ግን ለወራት አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ አያውቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይነቀል ቢያድር ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል።

«ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ መሙላት ባትሪውን ያበላሻል» የሚለው በሰፊው የተሠራጨ እምነት ከኒኬል-ካድሚየም ባትሪ የተወረሰ ነው። በእርሳስ ባትሪ ላይ ግን ተቃራኒው ትክክል ነው። ሌላው ስሕተት ከሁለቱ ባትሪዎች የሞተውን አንዱን ብቻ መለወጥ ነው። በተቀጣጠሉ ባትሪዎች ውስጥ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል፤ አዲሱም በላዩ ላይ መግፋቱን ስለሚቀጥል አሮጌው ፈጽሞ ይበላሻል፤ በሚሞላበትም ጊዜ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል። የመኪና ማስነሻ ባትሪን በወንበር ላይ ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ለጥቂት ሴኮንድ ብርቱ ጉልበት ታስበው የቀጠኑ ስለሆኑ በየቀኑ የሚደረገውን ማራገፍ ከጥቂት ወራት በላይ አይችሉም። ዋጋው ስለሚረክስ ግን ይታሰራል።

የአየሩም ጠባይ የራሱ ድርሻ አለው። በክላይን አገር በክረምት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ የእርሳስ ባትሪ አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ግን ይመለሳል። ሙቀት ተቃራኒ ነው። ለዕለቱ አቅም ይጨምራል፣ ዕድሜን ግን ይበላል፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ በዚህ በኩል ለባትሪ የተመቸች ናት፤ ድሬዳዋ አይደለችም። በቆላ የሚሠራ ቻርጀር በ25 ዲግሪ ለሚሠራው ከተወሰነው ቮልት በየዲግሪው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ርካሾቹ ቻርጀሮች ግን ይህን አያደርጉም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የባትሪ ነገር የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል፤ ስለ መኪናው ባትሪ የሚገኘው ዕውቀት ለወንበሩም እንዲደርስ የሚከለክል ነገር የለም።

በ1991 የሊቲየም-አዮን ባትሪ ለገበያ ቀረበ፤ በ1997 ደግሞ ፓዲና ጉዲነፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ጥናታቸውን አሳተሙ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በእሳት በኩል የተረጋጋ በመሆኑ በዛሬዎቹ ወንበሮች ላይ እየገባ ነው። ክብደቱ ከእርሳስ ግማሽ በታች ነው፤ የፖይከርት ቅጣት እምብዛም አይነካውም፤ የመጨረሻው 20 በመቶ ቢጎድልበትም ሰልፌት የለውምና አይታመምም። የአያያዙ ሕግም ተገለባበጠ፤ እርሳስ ሲቀመጥ ሙሉ መሆን ሲገባው ሊቲየም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው በግማሽ ሙላት ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታችም መሞላት የለበትም። በአሮጌው ባትሪ የለመደ ተጠቃሚ በዚህ ሊደናገር እንደሚችል የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጠባቂው መመለሱ ነው። በሊቲየሙ ባትሪ ሣጥን ውስጥ የየሴሉን ቮልትና ሙቀት የሚከታተል፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር-ሰዓት የሚቆጥር፣ አደጋ ሲያይ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ሰሌዳ አለ። የለንደኑ የባትሪ ሠራተኛ ይሠራው የነበረውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራል። አንድ ልዩነት አለው። የእርሳስ ባትሪ እየደከመ፣ ወንበሩም እየዘገየ ስለሚሄድ ተጠቃሚው ይጠነቀቃል፤ ይህ ሰሌዳ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ ፍጥነት ሰጥቶ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ስለዚህ ወንበሩ ማስጠንቀቂያውን ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ማድረግ የንድፍ አውጪው ግዴታ ነው። ሰሌዳው የመዘገበውን ለማንበብና የወንበሩን ፕሮግራም ለማስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የአምራቹ ወኪል ብቻ የያዘው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ ወንበሩ ቆሞበት ወኪሉን ለሳምንታት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት በ2022 ባወጣውና ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ የባለሞተር ተሽከርካሪ ወንበር አምራቾች መለዋወጫውን፣ ሶፍትዌሩን፣ መሣሪያውንና የጥገና መመሪያውን ለባለቤቱና ባለቤቱ ለመረጠው ጠጋኝ እንዲያቀርቡ አስገድዷል።